ቫዮሊኔ ውስጥ «ስትራዲቫሪየስ 1716» ይላል፤ የኦክስፎርዱ «መሲሕ» እውነተኛነት በምን ታወቀ? የእኔስ?

ጥያቄ፦ «ከአጎቴ የወረስኩት አሮጌ ቫዮሊን አለኝ። ፊቱ ላይ የ‹f› ፊደል ቅርጽ ባለው ቀዳዳ (በኤፍ ቀዳዳው) ባትሪ አብርቼ ሳየው ‹አንቶኒየስ ስትራዲቫሪየስ ክሬሞኔንሲስ ፋሲዬባት አኖ 1716› የሚል ወረቀት ውስጡ ተለጥፏል። ስፈልግ በዚያው ዓመት የተሠራ ‹መሲሕ› የሚባል ቫዮሊን እንግሊዝ አገር ሙዚየም ውስጥ እንዳለ አነበብኩ። ፎቶው ላይ ትናንት የተሠራ ይመስላል፤ ሐሰተኛ ነው ብለው የተከራከሩም አሉ። እሱ እውነተኛ መሆኑ በምን ታወቀ? የእኔስ በምን ይታወቃል?»

ምላሽ፦

መርዶውን ላስቀድምልዎት፤ በላቲን «ክሬሞናዊው አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ በ1716 ሠራው» የሚለው ወረቀት ብቻውን ምንም አይመሰክርም። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በጀርመን ማርክኖይኪርሽንና ሚተንቫልድ፣ በፈረንሳይ ሚርኩር፣ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ባለችው ሾንባክ ቫዮሊን እንደ ዳቦ ይጋገር ነበር። በስትራዲቫሪ ቅርጽ ለተሠራው የስትራዲቫሪ፣ በሌላው የክሬሞና ሠሪ በጓርኔሪ ቅርጽ ለተሠራው የጓርኔሪ ወረቀት ይለጠፍበታል። ወረቀቱ የሞዴል ስም መሆኑን ሻጩም ገዢውም ስለሚያውቁ በጊዜው ማንም እንደ ማጭበርበር አልቆጠረውም። ችግሩ የሚመጣው ከሁለት ትውልድ በኋላ ነው። የገዛው ሰው ሲሞት ዋጋውንና ሱቁን የሚያስታውስ ይጠፋል፣ ወረቀቱ ብቻ ለወራሽ ይቀራል።

ስለ ወረቀቱ ሁለት ነገር አሁኑኑ ማየት ይችላሉ። አንደኛ፣ ስትራዲቫሪ እስከ 1729 ገደማ በተጠቀመበት ወረቀት ላይ በስሙ መሀል ያለችው የላቲን ፊደል ታችዋ ክብ የሆነችው «ዩ» ናት፤ ታችዋ ሹል የሆነችው «ቪ» የገባችው ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ 1716 ብሎ ሹሏን ፊደል የያዘ ወረቀት ራሱን ያጋልጣል። ሁለተኛ፣ በእሱ ወረቀት ላይ የሚታተመው የዓመቱ መጀመሪያ ብቻ ነበር፤ ቀሪው ቁጥር በቀለም በእጅ ይሞላል። አራቱም ቁጥሮች በማተሚያ ወጥተው ከሆነ ስለ ወረቀቱ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ክቧ ፊደልና የእጅ ጽሑፍ ቢገኙም ግን ቶሎ አይደሰቱ፤ ጥሩ አስመሳይ ይህንንም ያውቃል። የብራና መጽሐፍ የሚያገላብጥ ሰው ነገሩ አይገርመውም። የባለቤቱ ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም የገባበት ዳዊት ስንት አለ! ዘመኑን የሚናገረው የፊደሉ አጣጣልና ብራናው እንጂ ያ ስም አይደለም። ቫዮሊንም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ እንጨቱና የእጅ ሥራው ይጠየቃሉ፣ ቀጥሎ የባለቤቶቹ ሐረግ፣ ወረቀቱ መጨረሻ ላይ። «መሲሕ» ላይ የተደረገውም ይኸው ስለሆነ በቅደም ተከተል እንሂድበት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን አዲስ ይመስላል?

«መሲሕ» በኦክስፎርዱ አሽሞሊያን ሙዚየም በመስታወት ውስጥ የተቀመጠ፣ አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ በ1716 በጣሊያን ከተማ ክሬሞና የሠራው ቫዮሊን ነው። ስትራዲቫሪ በ1737 በ90ዎቹ ዕድሜው አካባቢ እስኪሞት ሲሠራ ኖሯል። ከሥራዎቹ ወደ 500 የሚጠጉ ቫዮሊኖች ተርፈዋል፤ ከእነዚህ ሁሉ እንደዚህ ሳይነካ የቆየ የለም። በሁለተኛነት የሚጠቀሰው በ1721 የተሠራው «ሌዲ ብላንት» ነው። እሱ በ2011 ለበጎ አድራጎት ተጫርቶ 15.9 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል፤ «መሲሕ» ግን ገበያ አይወጣም።

ለ300 ዓመት የተጫወቱበት ቫዮሊን ምን እንደሚመስል አስቀድመው ያስቡ። የግራ እጅ ወደ ላይ ሲወጣ የሚያርፍበት ትከሻ ተፍቋል። አገጭ ያረፈበት ቦታ ቫርኒሹ ለቋል። ጀርባው ከተጫዋቹ ትከሻና ልብስ ጋር ሲታሽ ኖሮ መሀሉ ወደ ወርቃማ ገርጥቷል፣ ጠርዞቹም እንደ አሮጌ ሳንቲም ልመዋል። ሰው «ጥንታዊ ቫዮሊን» ሲባል በዓይነ ሕሊናው የሚመጣለት መልክ ይህ ነው፤ ፋብሪካዎቹም አስመስለው የሚቀቡት ይህንኑ መልክ ነው። ስትራዲቫሪ ሠርቶ ሲጨርስ የነበረው መልክ ግን ያ አልነበረም። «መሲሕ» ለብዙዎች የሐሰት የሚመስላቸው እኛ የለመድነው መበላት ስለሌለበት ነው።

በቅርብ ሲታይ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው በአንገቱ ጫፍ ያለው የተጠቀለለው ራስ፣ ጥቅልሉ ነው። ስትራዲቫሪ በጥቅልሉ ጠርዝ ላይ ስስ ጥቁር መስመር ይቀባ ነበር፤ ይህ መስመር በሌሎቹ ሥራዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ንክኪ ጠፍቷል፣ ወይም እዚህም እዚያም ቅራፊው ቀርቷል። «መሲሕ» ላይ ከሞላ ጎደል ሙሉውን አለ። በጥቅልሉ ጉድጓዶች ውስጥ ክብ መሮው የሄደበት ዱካ ይታያል። ጠርዙ ሹል ነው፣ የኤፍ ቀዳዳዎቹ አፍ ቢላዋው እንደተወው ስለታም ነው። ፍጹም እኩል የሆነ ነገር የሚፈልግ ሰው ግን አያገኝም፤ የፍጥነት እጅ ነው፣ ምን ላይ መጠንቀቅ ምን ላይ ማለፍ እንዳለበት የሚያውቅ እጅ። ቫርኒሹ ወደ ብርቱካናማ ያደላ ቀይ ነው፣ ሥሩ ያለው እንጨት ወርቃማ ብርሃን ይመልሳል። ስለ ቫርኒሹ «ምስጢር» ብዙ ይወራል። በፓሪስ ሙዚየም ያሉ አምስት የስትራዲቫሪ መሣሪያዎች ላይ ተካሂዶ በ2009 የታተመው ምርመራ ያገኘው ግን በጊዜው ማንም ሠዓሊ የሚያውቀውን ነገር ነው፦ እንጨቱ ውስጥ የገባ የሚደርቅ ዘይት፣ ከላዩ ዘይትና ሙጫ፣ ለቀይነቱ ደግሞ የተለመዱ ቀለሞች።

የአካሉ ርዝመት 35 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የፊቱ ገበታ ስፕሩስ፣ ጀርባው ደግሞ ነበልባል የመሰለ ደም ሥር ያለው ባለ ሁለት ቁራጭ ሜፕል ነው። በመቃኛ ሳጥኑ ወለል ላይ «ጂ» የምትል የላቲን ፊደል ተቀርጻለች። ይህች ፊደል ትንሽ ነገር አይደለችም። ስትራዲቫሪ ቫዮሊኑን የሚሠራው ከእንጨት በተቆረጠ የውስጥ ፎርም ዙሪያ ጎኖቹን በማጠፍ ነው። ፎርሞቹ ስም ነበራቸው፤ ከእነሱ አንዱ «ፒ-ጂ» የሚባለው ሲሆን ዛሬ ክሬሞና በቫዮሊን ሙዚየም ይገኛል። ራሱና አካሉ ለየብቻ ስለሚሠሩ የትኛው ራስ ለየትኛው ፎርም እንደሆነ የምትለይ ምልክት ያስፈልጋል። የ«መሲሕ» አካል ከዚህ ፎርም ጋር ይስማማል። የፎርሙና የፊደሉ መገጣጠም ለባለሙያ ከወረቀቱ ይልቅ ክብደት አለው፤ ደንበኛ የማያየው የሥራ ቦታ ምልክት ነውና።

ሁሉም ነገሩ የ1716 ነው ማለት ግን አይደለም። ፓሪሳዊው ቫዮሊን ሠሪ ዣን ባቲስት ቩዮም በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንገቱን አስረዝሟል፣ በገበታው ሆድ ሥር ያለውን የባስ ማገር ለውጧል፣ አዳዲስ የመቃኛ ቁልፎችና የክር ማሰሪያ ጨምሯል። ማሰሪያው ላይ ከስሙ ጋር እንዲሄድ የልደትን ሥዕል አስቀርጾበታል። ለእኔ ጣዕም ትንሽ ይበዛል፣ ግን የታሪኩ አካል ሆኗል። የአንገቱ ለውጥ የጥርጣሬ ምልክት አይደለም። አዳራሾች ሲሰፉና መቃኛው ከፍ ሲል ክሩ መርዘምና መጠንከር ነበረበት፤ አጭሩ የድሮ አንገትና ስሱ ማገር ጭነቱን አይችሉም። በዚያ ምክንያት ከዚያ ዘመን የተረፉት ቫዮሊኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም ተለውጠዋል። ዛሬ የተለመደው ልክ ከገበታው ጠርዝ ክሮቹን እስከሚደግፈው ብርኩማ 195 ሚሊ ሜትር፣ አንገቱ 130 ሚሊ ሜትር ነው።

ማን ማን እጅ ገባ?

ቫዮሊኑ በስትራዲቫሪ ቤት እንደቀረ ነው የሚታወቀው። አብረውት ይሠሩ የነበሩት ልጆቹ ኦሞቦኖና ፍራንቼስኮ በ1742 እና በ1743 ሲሞቱ በሥራ ቤቱ የቀረው ዕቃ ወደ ትንሹ ልጅ ወደ ፓኦሎ ሄደ። ፓኦሎ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ቫዮሊን አልሠራም። በ1775 ይህን ቫዮሊን ከሌሎች ጋር ለወጣቱ ባላባት ለኮንት ኢኛዚዮ አሌሳንድሮ ኮዚዮ ዲ ሳላቡዌ ሸጠለት። ፎርሞቹን፣ መሣሪያዎቹንና የወረቀት ንድፎቹን የገዛውም እሱ ነው። ኮዚዮ ያየውን ሁሉ እየለካ የሚጽፍ ሰው ስለነበር ዛሬ ስለ ክሬሞና ሠሪዎች የምናውቀው ብዙ ነገር ከእሱ ማስታወሻ የመጣ ነው። ፎርሞቹ በወራሾቹ እጅ ቆይተው በ1920 ቫዮሊን ሠሪው ጁዜፔ ፊዮሪኒ ገዛቸው፣ በ1930 ለክሬሞና ከተማ ሰጠ። «ፒ-ጂ» ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ሊገኝ የቻለው በዚህ መንገድ ነው፤ ቫዮሊኑና የተሠራበት ፎርም በአንድ ሰው እጅ አልፈው ከዚያ በኋላ ተለያዩ።

በ1827 ቫዮሊኑ ሉዊጂ ታሪሲዮ እጅ ገባ። ታሪሲዮ በሰሜን ጣሊያን መንደሮችና ገዳማት እየዞረ አሮጌ ቫዮሊን የሚሰበስብ ነጋዴ ነበር። ምርጦቹን ፓሪስ ወስዶ ይሸጣል። ይህንን ግን ለማንም አላሳየም፤ ወሬውን ብቻ ያወራል። አንድ ቀን ቩዮም ሱቅ ውስጥ እንደ ልማዱ ሲያሞግሰው፣ እዚያ የነበረው ቫዮሊን ተጫዋች ዴልፊን አላር «የአንተ ቫዮሊን እኮ እንደ መሲሕ ነው፤ ሁልጊዜ ይጠበቃል፣ አይመጣም» አለው ይባላል። ስሙ ከዚያ ቀረ። ከዚያ በፊት የሚጠራው በኮንቱ ስም «ሳላቡዌ» ተብሎ ነበር፤ በአንዳንድ መዝገብ ሁለቱ ስሞች ተያይዘው የሚገኙት ለዚህ ነው።

ታሪሲዮ በ1854 ሚላን ውስጥ ሞተ። ቩዮም ወሬው እንደደረሰው ገንዘብ ይዞ ገሠገሠ፤ በ1855 መጀመሪያ ከታሪሲዮ ዘመዶች ከመቶ በላይ መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ በ80 ሺህ ፍራንክ ገደማ ገዛ። «መሲሕ» ከእነሱ መሀል ነበር። እስኪሞት ድረስ አልሸጠውም። በ1872 ለንደን ለኤግዚቢሽን አውጥቶታል። በ1875 ሲሞት ቫዮሊኑ ለልጆቹ ቀረ፤ በ1877 አላር እጅ ገባ። ስሙን የሰጠው ያው አላር የቩዮም አማች ነበር። አላር በ1888 ሲሞት ወራሾቹ በ1890 በለንደኑ የቫዮሊን ነጋዴዎች በሂል ቤት በኩል ለኤዲንብራው ሰብሳቢ ለሮበርት ክሮፎርድ በ2,000 ፓውንድ ሸጡት፤ ለዚያ ጊዜ ጆሮ የሚያቆም ዋጋ ነበር። ሂሎች በ1904 መልሰው ገዙት፣ በ1913 ለሪቻርድ ቤኔት ሸጡት፣ በ1928 ዳግመኛ ገዙት። በመጨረሻም በ1939 ገደማ ከሌሎች ስብስቦቻቸው ጋር ለአሽሞሊያን ሰጡት። የስጦታው ዓላማ አንድ ሳይነካ የቀረ ምሳሌ ለወደፊት ቫዮሊን ሠሪዎች እንዲቆይ ስለነበር አይጫወቱበትም። ይህን የሚነቅፉ ሙዚቀኞች አሉ። የሰው ላብ፣ አገጭና ቀስት የነካቸው ሌሎች አምስት መቶ አሉና፣ አንዱ ቢቀመጥ የሚጎዳው ነገር አይታየኝም።

አሁን ሐረጉን እንደ ባለሙያ ያንብቡት፤ የት ጠንካራ፣ የት ስስ እንደሆነ ይፈልጉ። ከ1855 ወዲህ ያለው ድንጋይ ነው፤ ኤግዚቢሽን አለ፣ የሽያጭ ሰነድ አለ፣ ሂሎች በ1891 ስለዚህ ቫዮሊን ብቻ ሥዕል ያለው መጽሐፍ አሳትመዋል። ከ1737 እስከ 1775 አንድ ቤተሰብ ነው። ስሱ ቦታ ከ1827 እስከ 1855 ነው፦ ታሪሲዮ ደብቆታል፣ ሲገለጥም የተገለጠው በቩዮም እጅ ነው። ቩዮም ደግሞ ማን ነው? የዘመኑ አንደኛ ቅጂ ሠሪ። የታዋቂውን ቫዮሊን ተጫዋች የፓጋኒኒን ጓርኔሪ ቀድቶ የሠራው ቫዮሊን ዛሬም ከዋናው ጋር ጄኖቫ ይገኛል። «መሲሕ»ንም ደጋግሞ ቀድቷል። አሮጌ እንጨት ይሰበስብ ነበር። ጥርጣሬው ከሜዳ የመጣ እንዳልሆነ ይህ ያሳያል።

ክርክሩና የዛፍ ቀለበቱ

በ1990ዎቹ መጨረሻ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሙዚቃ መሣሪያዎች ጥገና ባለሙያ የነበረው ስቱዋርት ፖለንስ ጥርጣሬውን በይፋ አነሣ። ካነሣቸው ነጥቦች አንዱ በኮዚዮ ማስታወሻ ውስጥ ያለው ገለጻ ዛሬ ከሚታየው ቫዮሊን ጋር በሁሉም ነገር አይገጥምም የሚል ነበር። ሁለተኛው የበለጠ አስደነገጠ፤ ሃምቡርግ የሚገኝ የዛፍ ቀለበት ተመራማሪ ፒተር ክላይን ከፎቶ ተነሥቶ በገበታው ላይ ያለውን የመጨረሻውን ቀለበት መጀመሪያ 1738 ብሎ አነበበ። ስትራዲቫሪ የሞተው በ1737 ነው። ይህ ንባብ ቢጸና ነገሩ ያበቃ ነበር።

አልጸናም፤ ክላይንም ራሱ ንባቡን ተወው። ምክንያቱን ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ስፕሩስ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል፤ በብርዳማ ዓመት ጠባብ፣ በደህና ዓመት ሰፊ። በአልፕስ ተራሮች አንድ አካባቢ የበቀሉ ዛፎች አንድ ዓይነት የጠባብና የሰፊ ቅደም ተከተል ይይዛሉ። ገበታው ላይ ያሉት መስመሮች ስፋት በመቶኛ ሚሊ ሜትር ይለካል፣ ዓመታቸው ከሚታወቅ መዝገቦች ጋር በኮምፒውተር ይነጻጸራል። ችግሩ ተከታታዩ አጭር ሲሆን ወይም መለኪያው ፎቶ ሲሆን ነው፤ አንድ ቀለበት ከታለፈ ወይም አንድ መስመር ሁለት ተብሎ ከተቆጠረ ተከታታዩ ተንሸራትቶ በሌላ ዓመት ላይ «የገጠመ» ይመስላል። ለዚህ ነው አንድ መዝገብ ላይ ብቻ መግጠሙ የማይበቃው።

እንግሊዞቹ ጆን ቶፋምና ዴሪክ ማኮርሚክ ከቫዮሊኑ ላይ በቀጥታ ለክተው የመጨረሻው ቀለበት 1682 ነው አሉ። ከዚያ በሄንሪ ግሪሲኖ-ማየር የሚመራ የአሜሪካ ቡድን እንደ አዲስ ለክቶ ከ1577 እስከ 1687 የሚሄድ ተከታታይ አገኘ፤ ውጤቱ በ2004 ታትሟል። 111 ዓመት በግማሽ ገበታ፣ ማለትም በ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውስጥ! እያንዳንዱ ዓመት ከአንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለው የአምስት ዓመት ልዩነት ሰውን ያደናግራል፤ በዚህ ሥራ ግን የጠርዝ ቀለበት መነበብና አለመነበብ ጉዳይ ነው። ሁለቱም ከ1716 በፊት ይወድቃሉ፣ ዋናው እሱ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ጸሐፊዎች ይሳሳታሉ። 1687 ማለት ቫዮሊኑ በ1687 ተሠራ ማለት አይደለም። ዛፉ ከዚያ ዓመት በፊት አልተቆረጠም ማለት ብቻ ነው። ውጪው ተልጎ ወድቋል፣ እንጨቱ ደርቋል፣ መጋዘን ተቀምጧል። በዚህ መለኪያ 1716 ይቻላል፣ 1855ም ይቻላል። ተጠራጣሪው «ቩዮም አሮጌ እንጨት ነበረው» ቢል ቀለበቱ ብቻውን አፉን አይዘጋውም።

የሚዘጋው ሌላ ነገር ነው። የአሜሪካው ቡድን የ«መሲሕ»ን ተከታታይ በጥርጣሬ ካልተነኩ የስትራዲቫሪ ሥራዎች ጋር አነጻጸረ፤ ከእነሱ መካከል በ1696 የተሠራው «አርኪንቶ» ቪዮላና በ1693 የተሠራው «ሃሪሰን» ቫዮሊን ይገኛሉ። ግጥሚያው ጠንካራ ነበር፤ እንጨቱ የመጣው እነዚያ ከመጡበት አካባቢ ነው። አሁን የሐሰተኛው ታሪክ እንዲሠራ ቩዮም ምን ማድረግ ነበረበት? ከ150 ዓመት በላይ የቆየ ስፕሩስ፣ ያውም ስትራዲቫሪ ከተጠቀመበት አካባቢ የወጣ፣ ማግኘት። በዘመኑ ማንም ሊለካው የማይችለውን ነገር ማሟላት፤ የዛፍ ቀለበት ሳይንስ የተመሠረተው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነውና። የ«ፒ-ጂ»ን ቅርጽ በልኩ መያዝ። ጥቁሩን የጥቅልል መስመር፣ የመሮ ዱካውን፣ በሳጥኑ ውስጥ ያለችውን ፊደል መጨመር። ይህን ሁሉ ሠርቶ ደግሞ ቫዮሊኑን ሳይሸጥ መሞት! እያንዳንዱ ለብቻው ይቻላል፤ አንድ ላይ ሲደረደሩ ግን ሰውየው የማይቀበለው ገንዘብ ለማግኘት የደከመ አስመሳይ ይሆናል። ዛሬ አብዛኛው ባለሙያ የስትራዲቫሪ ሥራ መሆኑን የተቀበለው በዚህ ድምር ነው። በእኔ ግምትም የኮዚዮ ገለጻ አለመግጠም የሚቀር ጥያቄ ነው፣ ግን እንጨቱ ከሚለው ጋር ሲመዘን ይቀላል።

ወደ እርስዎ ቫዮሊን

ሂደቱ ያው ነው፣ በጣም አጭር ብቻ ነው። የሚያስፈልግዎት ባትሪ፣ የጥርስ ሐኪም መስታወት የመሰለ ትንሽ መስታወትና ማጉያ ሌንስ ነው። ክሩን አያውልቁ።

ከጥቅልሉ ይጀምሩ። ራሱን ከኋላና ከሥር ይዩት። በክሬሞና ሥራ በጥቅልሉ ጀርባ የሚሄደው ቦይ ዞሮ አንገቱ ሥር እስከሚገባበት ድረስ ይቀጥላል። በርካሽ የማርክኖይኪርሽን ሥራ ቦዩ ግማሽ መንገድ ላይ፣ ሰዓት ቢሆን ስድስት ቁጥር አካባቢ፣ ይቆማል። ይህ አንድ ምልክት ብቻ ብዙ ቫዮሊኖችን ይለያል። ቀጥሎ በሳጥኑ ጉንጮች ላይ ራሱ ከአዲስ አንገት ጋር የተቀጠለበት መስመር መኖሩን ይዩ። ከ1800 በፊት በተሠራ ቫዮሊን ላይ ይህ ቅጥል የተለመደ ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎች ግን መስመሩን በቢላዋ ጭረው ያስመስሉታል፤ እውነተኛው ቅጥል ላይ የእንጨቱ ደም ሥር በመስመሩ በሁለቱ ወገን ይለያያል፣ በጭረቱ ላይ ግን ሳይቋረጥ ያልፋል።

ከዚያ በጠርዙ ዙሪያ ያለውን ባለ ሦስት መስመር ጥልፍ በሌንስ ይመርምሩ። እውነተኛው ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር ሆነው የተጣበቁ ሦስት ስስ እንጨቶች በቦይ ውስጥ የተቀበሩ ናቸው፤ ድምር ስፋታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። በቀለም የተሰመረ ከሆነ ጭረት ባለበት ቦታ ቀለሙ አብሮ ተፍቆ ያገኙታል።

በኤፍ ቀዳዳው መስታወቱን አስገብተው ወደ ላይኞቹ ማዕዘኖች ይመልከቱ። በፎርም ዙሪያ በተሠራ ቫዮሊን በአራቱም ማዕዘን ውስጥ ድፍን ድጋፍ እንጨት አለ። በርካሹ ሥራ የላይኞቹ ባዶ ናቸው፣ ወይም አፋቸው በስስ እንጨት ተሸፍኖ ድፍን ይመስላሉ። ወደ ገበታው ሆድም ይዩ፤ የባስ ማገሩ ለብቻው ተሠርቶ የተጣበቀ መሆን አለበት። ከገበታው ጋር አንድ ሆኖ ተቀርጾ ከተገኘና ዙሪያው በመሮ የተቦጫጨቀ ከሆነ፣ የደርዘን ሥራ ነው። ወረቀቱ ላይ ወይም ከሥሩ የአገር ስም ካለ ደግሞ ዘመኑን ይነግርዎታል፦ አሜሪካ በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ምክንያት ከ1891 ጀምሮ ወደዚያ የሚገቡ ዕቃዎች የመጡበትን አገር ስም መያዝ ነበረባቸው።

የቫርኒሹ መበላትስ? ቦታውን ይጠይቁት። እውነተኛ መበላት እጅ፣ አገጭና ትከሻ በሚነኩበት ቦታ ነው፣ ድንበሩም የተበጣጠሰ ነው። ጀርባው መሀል ላይ እንደ ዕንቁላል ክብ ሆኖ የነጣ፣ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ከሆነ ብሩሽ የያዘ ሰው ሥራ ነው።

ከእነዚህ ሁለት ሦስቱ ወደ ፋብሪካ ካመለከቱ በዚያ ያብቁ፤ ለዛፍ ቀለበት ምርመራ ገንዘብ አያውጡ። ምርመራው ጥቅም የሚኖረው መሣሪያውን በእጁ ያየ ባለሙያ ከ1800 በፊት ሊሆን ይችላል ካለ በኋላ ነው። ቫዮሊኑ የፋብሪካ ሆነ ማለት ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በደንብ የተሠራ የሚርኩር ወይም የማርክኖይኪርሽን ቫዮሊን በብርኩማና በድምፅ ምሰሶ (ውስጡ በገበታውና በጀርባው መካከል የሚቆም ዘንግ) ማስተካከያ ብቻ ለተማሪ አስተማማኝ መሣሪያ ይሆናል። ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ቀስትም አይጣሉት፤ ቀስቱ ከቫዮሊኑ በላይ ዋጋ ሲያወጣ ይታያል። በመያዣው አጠገብ በእንጨቱ ላይ የተመታ ስም ካለ ይጻፉት፣ ምንም እንኳ ስሙ እንደ ወረቀቱ ሊዋሽ ቢችልም።

ማድረግ የሌለብዎት ነገር ዝርዝሩ አጭር ነው። በአልኮል ወይም በሳሙና አይጥረጉት፤ አልኮል ቫርኒሹን ያሟሟዋል። ስንጥቅ ካለ በአናጺ ኮላ አይለጥፉ፤ ቫዮሊን የሚጣበቀው ለጥገና ሲፈለግ በሚለቅ የቆዳ ሙጫ ነው፣ ኮላ የገባበት ስንጥቅ ግን እንጨት ሳይቦጭቅ አይከፈትም። ክሩን ጥቂት ያላሉት፣ ግን ሁሉንም አንድ ላይ አያውልቁ፤ ብርኩማው ይወድቃል፣ የድምፅ ምሰሶው ይነቀላል። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ከመስኮትና ከማሞቂያ ያርቁት፣ የአየሩ እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። ወረቀቱን ለማላቀቅ አይሞክሩ።

ለገማች ከመሄድዎ በፊት ሁለት ነገር ያዘጋጁ። አንደኛው የባለቤትነት ሐረግዎ ነው፤ አጎትዎ ከማን፣ የት፣ መቼ እንደገዙት የሚያስታውስ ሰው ካለ ዛሬውኑ ጠይቀው ይጻፉ፣ ደረሰኝ፣ የድሮ ፎቶ፣ የሣጥኑ ማኅተም ካለ አብረው ያስቀምጡ። ክፍያውን ከዋጋው በመቶኛ የሚጠይቅን ወይም ራሱ ልግዛው የሚልን ሰው ግምት አይቀበሉ። ሁለተኛው ፎቶ ነው፦ ፊቱ፣ ጀርባው፣ ሁለቱ ጎኖቹ፣ ጥቅልሉ ከአራት አቅጣጫ፣ ኤፍ ቀዳዳዎቹ በቅርብ፣ አራቱ ማዕዘኖች፣ አንገቱ ከጀርባው ጋር የሚገናኝበት ቦታና ወረቀቱ። ሙሉውን አካል ሲያነሡ ፍላሽ ሳይጠቀሙ፣ ጥላ ውስጥ በቀን ብርሃን፣ ሁለት ሜትር ያህል ርቀው ሌንሱን በቫዮሊኑ ወገብ ትክክል ያድርጉ፤ በስልክ ተጠግተው ካነሡት ቅርጹ ይዛባል። የጀርባውን ርዝመት ከአንገቱ ሥር ያለችውን ጉብታ ሳይጨምሩ፣ ሜትሩን በእብጠቱ ላይ ሳያጥፉ ቀጥ አድርገው ይለኩ፤ ከ35 ሴንቲ ሜትር በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚያንስ ከሆነ አብረው ይጥቀሱት።